ድዴን የተነቀስሁ ዓመት

ባለፈው ሳምንት ጥርሴን ላስነቅል ሄድሁ። ዝም ብላ ከርማ ከርማ፣ ቀዝቃዛ ውኃ በጠጣሁ ቁጥር ነገር የምትፈልገኝ አንዲት መንጋጋ ነበረችኝ። ደብረ ታቦር ላይ ዛሬ የጥርስ ክሊኒክ በየሰፈሩ አለ፤ እኔ የሄድሁበትም ከቤቴ ብዙ አይርቅም። ሐኪሙ ከመጨረሻ ልጄ ቢበልጥ በጥቂት ነው። ወንበሩን አጋደመ፣ መብራቱን ዓይኔ ላይ አበራ፣ ከዚያም ዳዊት እንደሚደግም ሰው በአንድ ትንፋሽ፣ "እናቴ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም አለብዎት?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ልቤ ታሞ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሊገድለኝ ነበር" አልሁት።

ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። እኔ ደግሞ ከሐኪም ጋር መቀለድ እወዳለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማስተምረው ክፍል ስለሌለኝ ያገኘሁትን ሁሉ አስተምራለሁ። በወጣትነቴ የልቤ በር፣ እነሱ ቫልቭ የሚሉት፣ በጀርም ተመርዞ ከሞት አፋፍ እንደተመለስሁ ዘርዝሬ ስነግረው ግን ፈገግታው ጠፋ፤ ጉጠቱንም መልሶ አስቀመጠው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት መድኃኒት መውሰድ አለበት አለኝ። ካፕሱሎቹን በውኃ አስውጦ፣ በደሜ ውስጥ እስኪሰራጩ ድረስ ኮሪደሩ ላይ አስቀመጠኝ። የኅዳር ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጉልበቴን ታሞቀኛለች፤ ውጭ ጭድ የጫነ አይሱዙ መንገዱን ዘግቶ ሾፌሩና አንድ የባጃጅ ልጅ ይጨቃጨቃሉ። ሐሳቤ ግን ወደ ገሳይ፣ ወደ እናቴ ቤት ሄደ።

ተወልጄ ያደግሁት ከገሳይ ወረድ ብሎ፣ የጉና ብርድ ከመስከረም እስከ መስከረም በማይለቀው አገር ነው። ገብስና ድንች እናመርታለን፣ በግ እናረባለን፤ ጤፍ ለእኛ የእንግዳ እህል ነው። ያን ዓመት አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርሁ። ደብረ ታቦር ላይ ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር ቤት ተከራይተን እንማራለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ወደየቤታችን እንመለሳለን። በትምህርቴ ጎበዝ ስለነበርሁ መምህራኑ ከእኔ ብዙ ይጠብቁ ነበር። እኔ ግን ያን ዓመት ስነሣም ስተኛም የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድዴን መነቀስ።

ለማያውቀው ላስረዳ። በእኛ አገር የሴት ልጅ ውበት በድዷ ይሞላ ነበር። በክር አንድ ላይ የታሰሩ መርፌዎች ይወሰዱና ድዱ ጠቅ ጠቅ እየተደረገ ይወጋል፣ የኩራዝ ጥላሸት ይታሽበታል፣ ሲድን ይጠቁርና ጥርሱን ነጭ አድርጎ ያወጣዋል። የእናቴ ንቅሳት በአገሩ የታወቀ ነበር። ሌሎች ሴቶች ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ፤ እናቴ አትሸፍንም። ገሳይ ገበያ ላይ እሷ ስትስቅ ድንች የሚገዛው ሁሉ ዞሮ ያያል፤ አባቴ በዚህ ይቀናም ይኮራም ነበር።

ከኅዳር ጽዮን ጀምሬ ነዘነዝኋት። ጾሙ እስኪፈታ ታገሽ፣ አፍሽ አብጦ ምን ልትበዪ ነው አለችኝ። እኔም ከጾም የተሻለ ጊዜ ከየት ይገኛል፣ የሚያጓጓ ምግብ እንደሁ የለ፣ አፌ ቢያብጥ ምን ይቀርብኛል፣ ደግሞስ ለጥምቀት ድኖ ይደርሳል ብዬ ተሟገትሁ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነገር ካነሣ መች ይረታል። እናቴ ሳቀች፤ እሷ ከሳቀች ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ነቃሿ እማማ ስንዱ ነበሩ። የአገሩ ሴት ሁሉ በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው፤ በንጽሕናቸውም ይመሰገናሉ። መርፌዎቹን እሳት ላይ አሳልፈው፣ በነጭ ጨርቅ ጠርገው፣ በስመ አብ ብለው ነው የሚጀምሩት። በመጀመሪያ የጎረቤታችን ልጅ ብርቄ ተነቀሰች። የእኔ ተራ ሲደርስ እናቴ ጭንቅላቴን ጉልበቷ መሐል አስገብታ በአንድ እጇ ግንባሬን፣ በሌላው አገጬን ያዘችኝ። ሕመሙ ይህ ነው አይባልም። በእንባዬ መሐል የሚታየኝ ወደ እኔ ያጎነበሰው ፊቷ ብቻ ነበር። አይዞሽ አለቀ፣ አለቀ ትለኛለች፤ አላለቀም። ደሙን አመድ በያዘ ገል ላይ እተፋለሁ፣ እንደገና እጋደማለሁ። ቀለሙ እንዲጠብቅ በሳምንቱ ቅዳሜ ተደገመልኝ።

ድዴ አብጦ ከንፈሬ አልገጥም ስላለ ጾሙን በተልባና በበሶ ብጥብጥ ገፋሁት። ለገና ዶሮው ሲቀርብ ግን ድኜ ነበር። በአባቴ የጢም መላጫ መስታወት ፊት ከንፈሬን እየገለበጥሁ ሳይ ዋልሁ፤ ሰው ለመሆን የጎደለኝ ሁሉ የተሟላ መሰለኝ። ትንሿ እህቴ ዓለም ከኋላዬ ቆማ እሷም የራሷን ከንፈር ትገለብጥ ነበር።

ከገና በኋላ ይፋግ ያለችው አክስቴ ልጇን ክርስትና ልታስነሣ ጠራችን። ይፋግ ለእኛ ለደገኞች ሌላ አገር ነው። አየሩ ይሞቃል፣ መሬቱ ጥቁር ነው፣ በዚያ ወራት ደግሞ የሽምብራ እሸት ይደርሳል። እሸቱን እየፈለፈልሁ፣ ለአክስቴ ልጆች ድዴን እያሳየሁ፣ ቢምቢም እየበላኝ ሰንብቼ ተመለስሁ።

ጥምቀት ላይ ታቦቱን አጅበን ስንሄድ ብርድ ብርድ አለኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሰው ሁሉ በላብ ተጠምቋል፣ እኔ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ያን ያህል ጓጉቼ ያስነቀስሁትን ድድ ለማንም ሳላሳይ ተጠቅልዬ ወደ ቤት ተወሰድሁ።

ደገኛ ቆላ ደርሶ መጥቶ ከታመመ የበሽታው ስም አስቀድሞ ወጥቷል፤ ወባ ነው። ማንም ሌላ ነገር አይጠይቅም። ጎረቤቱ ሁሉ አክስቴን እየወቀሰ፣ ልጅቱ ይፋግ ወርዳ ይዛው መጣች አለ። መራራውን የወባ ኪኒን ዋጥሁ፤ ትኩሳቱ ንቅንቅ አላለም። ገበያው አጠገብ መርፌ የሚወጋ ሰው ነበር፤ እሱ ዘንድ እየተመላለስሁ ለጥቂት ቀን ተወጋሁ። ያን ጊዜ ትኩሳቱ ቀጥ አለ። እናቴ ለእመቤታችን ስለቷን አስገባች፣ እኔም ደብተሬን ይዤ ወደ ደብረ ታቦር ተመለስሁ። ብዙም ሳልቆይ ያው ብርድ ተመልሶ መጣ። እንደገና መርፌ፣ እንደገና መዳን፣ እንደገና መታመም ሆነ። ለጥቂት ቀን ብቻ የሚሰጥ መርፌ እንዲህ ያለውን በሽታ እንደሚያስደነግጠው እንጂ እንደማያጠፋው ያወቅሁት ኋላ ነው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ከእኔ የቀረው አጥንቴ ነበር። ልብሴ በላብ እየራሰ አድራለሁ፣ መገጣጠሚያዬን ይቆረጥመኛል፣ በጣቶቼ ጫፍ ላይ ሲነኩ የሚያሙ ቀያይ እብጠቶች ወጥተዋል። ከምንጩ እስከ ቤታችን ያለችውን ዳገት እንስራ አዝዬ እሮጥባት የነበርሁ ልጅ፣ ባዶ እጄን እያረፍሁ መውጣት ጀመርሁ። ትምህርቱ ቀረ። አባቴ እህሉን እየጎበኘ ከእኔ ዓይን ይሸሻል፤ ሲያለቅስ ሰው እንዲያየው አይወድም ነበር።

እናቴ ለጠበል ጣራ ገዳም ወሰደችኝ። ስለዚያ ቦታ ክፉ ነገር መናገር አልችልም። ያ ሁሉ የጥድና የወይራ ደን፣ ያ የወፍ ድምፅ፣ ከየአገሩ የመጣው በሽተኛ ቆሎውን ከማያውቀው ሰው ጋር ሲካፈል ማየት በራሱ ያሽራል። ችግሩ ዳገቱ ነበር። አባቴ በበቅሎ አወጣኝ፤ ከጠበሉ ስመለስ ግን ጥቂት እንደተራመድሁ አየር አጥሮኝ መንገድ ላይ ተቀመጥሁ፣ መነሣትም አቃተኝ። አንድ ሸምገል ያሉ መነኩሴ አጠገቤ ቆመው ትንፋሼን አዳመጡ፤ ጠበሉን በጀሪካን ይዛችሁ ሂዱና እየጠጣች ትታከም፣ እዚህ ዳገት ላይ አትግደሏት ብለው እናቴን ቆጣ አሏት። እናቴ መነኩሴ ተናግሯት እምቢ ብላ አታውቅም። በማግሥቱ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ገባን።

ዶክተሩ አዋሳ ተወልዶ ያደገ፣ ሥራ ከጀመረ ገና ዓመት ያልሞላው ወጣት ነበር። ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጎ በጣም ቆየ። አስተነፈሰኝ፣ በጎኔ አስተኛኝ፣ መልሶ አዳመጠ። ከዚያ ጥያቄ ጀመረ። ልብሽን ታመሽ ታውቂያለሽ? አላውቅም። በልጅነትሽ ጉሮሮሽን አሞሽ፣ መገጣጠሚያሽ አብጦ ያውቃል? የለም። ከቤተሰብ በልብ የታመመ ሰው አለ? እናቴ ቀደም ብላ፣ የእኛ ዘር በልብ አይጠረጠርም አለችው። ጥርስ አስነቅለሽ ነበር? የተበላ ጥርስ አለሽ? የለኝም። ሰሞኑን የቆሰለ፣ የተቆረጠ፣ የመገለ ነገር? እኔም እናቴም በአንድ አፍ የለም አልን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ግን አልደበቅንም። ንቅሳት ጌጥ ነው፤ ስለ ቁስል የተጠየቀ ሰው ስለ ጌጡ አያወራም።

ዶክተሩ ተቸገረ። ልቤ ውስጥ መሰማት የሌለበት ድምፅ ይሰማዋል። ይሁን እንጂ እሱ በትምህርት ቤት ያወቀው በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰፍረው ቀድሞ በተጎዳ ልብ ላይ ነው፤ የእኔ ልብ ደግሞ ታሞ አያውቅም። የልብን ውስጥ የሚያሳየው መሣሪያ ያን ጊዜ ደብረ ታቦር አልደረሰም። ይፋግ መሄዴንም ነግረነዋል። ኋላ ራሱ እንዳጫወተኝ፣ እንደገና የወባ መድኃኒት ሰጥቶ ሊሸኘኝ ጥቂት ነበር የቀረው። መጨረሻ ላይ አፍሽን ክፈቺ አለኝ። ከፈትሁ። ፊቱ ተለዋወጠ።

ወጣ ብሎ ሌላ ሐኪም ይዞ ተመለሰ። ሁለቱ ባትሪ ይዘው አፌ ላይ አጎነበሱ፤ በእንግሊዝኛ ይነጋገራሉ። የአሥራ አንደኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ ጥቁር የምትለዋን ቃል ለመልቀም አላነሰኝም። ከባድ ነገር እንዳገኙ ገባኝ፤ ፈራሁ።

"እናቴ፣ ድዷ መጥቆር የጀመረው መቼ ነው? ከትኩሳቱ በፊት ነው በኋላ?" ብሎ እናቴን ጠየቃት።

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ግን ከጥምቀት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋ ውስጥ ቅያሜም ነበረበት።

"ጠቆረ? ምነው ዶክተር፣ ተነቅሳ ነው እንጂ። ጌጧ እኮ ነው። ይኸው፣ የኔንም እዩት" አለችና ከንፈሯን በሁለት ጣቷ ገልብጣ፣ ያን ገበያተኛ የሚያየውን ድዷን ለሁለቱ ሐኪሞች አሳየቻቸው።

ዶክተሩ አልሳቀም። በምን እንደሚነቀስ ጠየቃት፤ በመርፌ አለችው። ይደማ እንደሆነ ጠየቃት፤ ሳይደማ ይነቀሳል እንዴ አለችው፣ አሁንም በኩራት። ከዚያ መቼ እንደተነቀስሁ ጠየቃት።

"በነቢያት ጾም" አለች እናቴ። ይህን ስትል ድምፅዋ ዝግ አለ። ከንፈሯን ለቀቀችው። ጾሙን፣ ገናን፣ ጥምቀትን በሆዷ ስታገናኝ ከፊቷ ላይ አነበብሁት።

ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ልብ ውስጥ ደም ሲያልፍ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትናንሽ በሮች አሉ አለን። የሰው አፍ ጤነኛም ቢሆን በጀርም የተሞላ ነው፤ ድድ ሲደማ ጀርሙ ወደ ደም ይገባል፣ ብዙውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል፣ አንዳንዴ ግን ከእነዚያ በሮች በአንዱ ላይ ተለጥፎ ይራባል፣ በሩንም እየበላ ይሄዳል። ልባቸው ቀድሞ በታመመ ሰዎች ላይ ይብሳል እንጂ ጤነኛ ልብም አይቀርለትም። አሁኑኑ ካልታከመች በሩ ሊበጠስ፣ ወይም ከላዩ ቁራጭ ተነሥቶ ወደ አንጎሏ ሊሄድ ይችላል አለ። ይህን የመጨረሻውን ለእናቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገራት፤ እኔም ሰማሁት።

እናቴ ብርቄስ አለችው። በአንድ ቀን፣ በአንድ መርፌ፣ እኔ ቤት ነው ሁለቱም የተነቀሱት፤ ብርቄ ያው ደህና ናት፣ በጥምቀትም ስትጨፍር ነው የዋለች። ዶክተሩ በሽታው ለምን አንዷን ይዞ ሌላዋን እንደተወ አላውቅም አለ። ብዙ ሐኪም አይቻለሁ፤ አላውቅም ሲል እንደዚያ ልጅ ቃሉ የሚከብድ ግን አላየሁም።

"ከዚያ ነው የመጣው?" አለችው በመጨረሻ።

"ሊሆን ይችላል፣ እናቴ። እርግጠኛ መሆን ግን አይቻልም።"

መርፌው በዚያው ዕለት ተጀመረ። ሌት ተቀን፣ በሰዓት በሰዓቱ፣ ለሳምንታት። ክንዴ አብጦ ሥር ሲጠፋ በሌላው፣ እሱም ሲያብጥ በእግሬ ይፈለጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ከሰዓት በኋላ ከእናቴ የተቀበልሁት የሻይ ኩባያ ከእጄ ወደቀ። ላነሣው ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ወደቀብኝ ልላት አፌን ከፈትሁ፤ ቃሉ አልመጣም። እናቴ ጩኸቷን ለቀቀችው። እጄም ምላሴም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመለሱልኝ፤ እስኪመለሱ ድረስ ግን ዶክተሩ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቆሞ ከንፈሩን ሲነክስ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ነው ልሞት እንደምችል በእውነት የገባኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶኝ፣ ጂኦግራፊ ፈተና ላይ ምን እንደሚመጣ ሳስብ የከረምሁ ልጅ፣ በድዴ ምክንያት ልሞት ነው ብዬ አለቀስሁ።

ትኩሳቱ እየበረደ ሄደ። አንድ ጠዋት ርቦኝ ነቃሁ፤ ከጥምቀት ወዲህ ርቦኝ አያውቅም ነበር። ንስሐ አባታችን ወተት ፈቅደውልኝ እናቴ ከከተማ ትገዛልኛለች፤ እሷ ራሷ በቆሎ ትውላለች። ያን ሰሞን አባቴ በአይሱዙ መጣና ተቀምጬ ስበላ ሲያየኝ ፊቱ በራ። በቃ ልጄ ድናለች፣ ለትንሣኤ ቤቷ ትግባ፣ በግ አለ፣ ወተትም ከቤት አለ አለ። ዶክተሩ አይሆንም አለው። መርፌው ሳያልቅ ከሄደች እንደ በፊቱ ተመልሶ ይመጣል፣ የዚያን ጊዜ ደግሞ የሚደርስላት የለም አለ። አባቴ ሰው አክባሪ ነውና ለዶክተሩ አልመለሰለትም፤ ወደ እናቴ ዞሮ ጓዛችንን እንድትሸክፍ ነገራት።

እናቴ አባቴን በሰው ፊት ተቃውማው አታውቅም። ያን ቀን አልጋዬ ግርጌ መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

"አንተ ሂድና በጎችህን ጠብቅ። እኔ ይችን ልጅ መርፌው ሳያልቅ አላነቃንቃትም" አለችው።

አባቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አይቶ ብቻውን ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እናቴ የመርፌው ዘበኛ ሆነች። ነርሷ ከዘገየች ኮሪደሩን እየዞረች ትፈልጋታለች፤ ነርሷ ተቆጥታ ብትመጣም ግድ የላትም። ሰዓት ማንበብ ስለማትችል የጎረቤት አልጋ አስታማሚዎችን በየደቂቃው ስንት ሰዓት ነው ትላለች፤ የዋርዱ ሰው ተሰላችቶ ኋላ ኋላ ሳትጠይቀው ይነግራት ነበር። በእነዚያ ሳምንታት አልሳቀችም። ሲያስቋት እንኳ ነጠላዋን ወደ አፏ ታስጠጋለች። ያን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፣ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

ትንሣኤን ሆስፒታል ውለን በዳግማ ትንሣኤ ወጣሁ። ልቤ ላይ ትንሽ ድምፅ ቀረ፤ እስከ ዛሬ ማዳመጫ ያደረገብኝ ሐኪም ሁሉ ግንባሩን ይቋጥራል፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ የቆየ ነው እለዋለሁ። ክፍሉን ደገምሁ፣ መምህርነት ተማርሁ፣ አገባሁ፣ ወለድሁ። ሕይወቴ ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ሰው ነው የሄደው። ሕመሙን ቢጠይቁኝ እንደ ተረት ነው የምናገረው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል ያገራችን ሰው። በእኛ ቤት ግን የተወጋሁት እኔ ረሳሁት፤ ያልረሳችው የያዘችኝ ናት። እናቴ እማማ ስንዱን አንድ ቀን አልወቀሰቻቸውም። ሲያረጁ ገብስ ትሰፍርላቸው፣ ሲታመሙም ትጠይቃቸው ነበር። ዓለም እህቴ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ እንደ እኔ ልነቀስ ብላ ስትለምናት ግን እምቢ አለች። ዓለም አለቀሰች፣ ጾም ዋለች፣ አክስቴን አማላጅ ላከች፤ እናቴ ወይ ፍንክች። በሠርጓ ዕለት የሙሽራው ወገኖች ያልተነቀሰ ድዷን አይተው በዘፈን ወረፏት። ድግሱ መሐል ተቀምጣ ያን ስትሰማ የነበረችው የአገሩ ቆንጆ ድድ ባለቤት ናት። ፊቷ አልተለወጠም። ዓለም ብዙ ዓመት አኩርፋት ኖራለች፤ ምክንያቱን እናቴ አልነገረቻትም፣ እኔም ስነግራት እንደ ሰበብ ነው የቆጠረችው።

የኮሪደሩ ቆይታ አልቆ መንጋጋዬ ተነቀለችና ጥጥ ነክሼ ወደ ቤት ገባሁ። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ዓይኗ ደክሟል፣ ከደጅ ፀሐይ ላይ አግዳሚ ወንበር አውጥተንላት ስንዴ ትለቅማለች፤ ጠጠሩን ከስንዴው በጣቷ ትለያለች። ገና የእግሬን ኮቴ ስትሰማ ሥራዋን አቆመች። ብዙ ደማሽ ወይ አለችኝ። ጥቂት ነው አልኋት። መድኃኒት አስቀድመው ሰጡሽ ወይ አለች። ሰጡኝ አልኋት። እጇ ግን ወደ ስንዴው አልተመለሰም።

አጠገቧ ተቀመጥሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ያን ዕለት ለምን እንደተናገርሁት አላውቅም፤ ምናልባት ኮሪደሩ ላይ ብዙ ስላሰብሁ ይሆናል።

"እማ፣ ያን ጊዜ የነዘነዝሁሽ እኔ እኮ ነኝ" አልኋት ጥጡን ወደ ጉንጬ ገፋ አድርጌ። "አንቺ ታገሽ ብለሽኝ ነበር። ዶክተሩም ቢሆን ሊሆን ይችላል ነው እንጂ ነው አላለም።"

ፊቷን ወደ ፀሐዩ መለሰች። ስለ ምን እንደማወራ አልጠየቀችኝም፤ ትናንት ያቋረጥነው ጨዋታ ይመስል።

"ልጅማ ይለምናል" አለችኝ። "እምቢ ማለት የእናት ነው።"

እኔም እናት ነኝ፤ በዚያ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ስንቱን ነገር ልጆቼ ሲያስቁኝ እሺ እንዳልሁ አሰብሁ። እኔ በዳግማ ትንሣኤ ድኜ ከዚያ ዋርድ ወጥቻለሁ። እናቴ ግን እስከ ዛሬ አልወጣችም።